ከእኔ ቅል የጠጣ ይለፍ

አንድ ወታደር ነበር። ስሙ ቢሆነኝ ይባላል። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ሲሠራ ኖሮ ሞተ። እናቱ ጠጂቱ ደግሞ ሸክላ ሠሪ ናት። በዚያ አገር በአባቱ ማረሻ የማያርስ ገበሬ፣ በእናቱ ድስት ወጥ የማይሠራ ቤት አልነበረም። ሆኖም ማረሻውን የቀጠቀጠና ድስቱን ያበጀ ሰው ከሌላው ሰው ጋር አንድ ገበታ አይቀርብም። «ዓይናቸው ይወጋል» ይባላል። ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ ሲባል ግን ሁሉም ሰምቷል።

ድግስ ሲደገስ የቀጥቃጭ ቤተሰብ ከዳሱ ውጭ፣ አጥር ሥር ይቀመጣል። ዳሱ ውስጥ ያሉት በዋንጫ እየተቀባበሉ ሲጠጡ ለእነርሱ የሚቀዳላቸው በቅል ነው። አሳላፊው ጋኑ እንዳይረክስበት ከሩቁ ቆሞ ከላይ ወደ ታች ያንቆረቁርላቸዋል። ጠጥተው ሲጨርሱ ቅሉ ይሰበራል። ይህም ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳይጠጣበት ነው አሉ። ቢሆነኝ ይህን እያየ ስላደገ አልገረመውም። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ያየውን ነገር ዓለም ሁሉ እንዲሁ ነው ብሎ ነው የሚያምነው።

ከዕለታት አንድ ቀን በድንበር በኩል ጦርነት ተነሣ፤ ንጉሡም የክተት አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ «ቀጥቃጭ ከቤቱ ይቅር» አላለም። ለሞት ሲሆን ሁሉም እኩል ተጠራ። ቢሆነኝም ዘመተ። በምድብ የደረሰው የቀበሌው ሹም የባላምባራስ እሸቴ ልጅ ከሆነው ከአንሙት ጎን ነበር።

መጀመሪያ የተዋጉበት ቦታ ውኃ የሌለበት ጠፍ ነበር። ለስምንት ሰው አንድ ኮዳ ተሰጠ። ኮዳው ቢሆነኝ ጋ ሲደርስ እንደ ለመደው ከአፉ አርቆ፣ ከንፈሩ እንዳይነካው አድርጎ ከላይ ወደ ጉሮሮው አንቆረቆረ። ግማሹ በደረቱ ላይ ፈሰሰ።

አንሙት አየውና ተቆጣ። «ምን እያደረግህ ነው? ውኃውን ጨረስከው እኮ። አፍህን ግጠምና ጠጣ።»

«ከኔ በኋላ ማን ይጠጣል?»

«እኔ ነኛ። ቶሎ በል።»

ቢሆነኝ አፉን ገጥሞ ጠጣ። አንሙት ተቀበለውና እሱም ጠጣ፤ አፉን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ጠመንጃው ተመለሰ። ለአንሙት ነገሩ ይኸው ብቻ ነበር። ቢሆነኝ ግን የዚያን ቀን ጥይት ሲተኮስ እንኳ ልቡ ያለው ኮዳው ላይ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የኖረበት ነገር በአንድ ጉንጭ ውኃ ውሸት ሆኖ ተገኘ። ደስ አለው፤ ደስታውም ግራ የገባው ደስታ ነበር።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ቢሆነኝ የሻምበል ጦሩን ሁሉ ጠመንጃ ይጠግናል፣ ከሁሉም ጋር ይበላል፣ ከሁሉም ጋር ይጠጣል። አንሙት ጭኑን ተመትቶ የወደቀ ዕለት ግማሽ ቀን ሙሉ በጀርባው ተሸክሞ ያወጣው እሱ ነው። በዚያው መንገድ ላይ ራሱም ጉልበቱን ተመታ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተኝተው ሲታከሙ አንሙት እጁን ይዞ፣ «ከእንግዲህ የእናቴ ልጅ ነህ» አለው። በእውነት ብሎታል፤ ይህን ማንም አይጠራጠርም።

ጦርነቱ አለቀና ወደ አገራቸው ተመለሱ። ባላምባራስ እሸቴ ለተመላሾቹ ትልቅ ድግስ ደገሱ። ቢሆነኝ እያነከሰ መጣ፣ ሳያስብ ዳሱ ውስጥ ገባ፣ ሳያስብ አንሙት አጠገብ ተቀመጠ። አራት ዓመት ሙሉ የተቀመጠው እዚያ ስለሆነ ሌላ ቦታ አልታየውም። ዋንጫው ከቀኝ በኩል ተነሥቶ እየዞረ መጣና አሳላፊው ቢሆነኝ ፊት ሲደርስ ቆመ። ወደ ባላምባራስ ሄደና በጆሯቸው አንድ ነገር ነገራቸው።

ባላምባራስ ክፉ ሰው አልነበሩም። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። «ልጄ ቢሆነኝ» አሉት በለሰለሰ ድምፅ፣ «እግርህ ታሟል፣ እዚህ ተጨናንቀህ እንዳትጎዳ ፈራን። ውጭ ነፋሻ ቦታ አዘጋጅተንልሃል፤ እዚያ ዘና ብለህ ብላ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ባላምባራስ» አለ ቢሆነኝ። አምኗቸው ነበር። የታሰበለት መስሎት እያመሰገነ ወጣ።

ነፋሻው ቦታ አጥሩ ሥር ነበር። እናቱ ጠጂቱ ቀድማ ተቀምጣለች። አሳላፊው ቅል አምጥቶ ከላይ አንቆረቆረለት። ቢሆነኝ ጠጣ፤ ምክንያቱም ጠምቶታል። ሲጨርስ አሳላፊው ቅሉን ከእጁ በጨርቅ ተቀብሎ ከድንጋይ ጋር አጋጨው።

ቢሆነኝ ስብርባሪውን እያየ ቆየ። ከዳሱ ውስጥ የአንሙት ሳቅ ይሰማል። አሳላፊው ተሳስቶ ይሆናል ብሎ አሰበ። ወይም አንሙት አላየም ይሆናል። ወይም ደግሞ እግሬን ስለታመምኩ ነው። አንዱን ሐሳብ ሲያነሣ ሌላው ይወድቅበታል።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች እናቱ።

«እሜ፣ እዛ እኮ አብረን ነበር የምንጠጣው። ከአንድ ኮዳ።»

«እኔስ ለምጄዋለሁ» አለች ጠጂቱ። «አንተን ግን ወስደው ሌላ ነገር አስለመዱብኝ። ባታውቀው ይሻልህ ነበር ልጄ።»

ከጥቂት ወራት በኋላ ንጉሡ ለዘማች ሁሉ መሬት ይሰጥ ብለው አዘዙ። ባላምባራስ መሬቱን በገመድ እያስለኩ አከፋፈሉ። ቢሆነኝም ተራውን ጠብቆ ቀረበ። «እናንተ እርሻ ምን ያደርግላችኋል?» አሉት ባላምባራስ፣ አሁንም በለሰለሰ ድምፅ። «የአባትህ ወናፍ አለ። እግርህ ደግሞ ለሞፈር አይሆንም። የማትችለውን ጭኜብህ ብትጎዳ ኃጢአቱ የኔ ነው።» አንድ እጁን ያጣው ጎረቤቱ ግን መሬቱን ተቀብሎ ሄደ። ቢሆነኝ ይህን አይቶ አሁንም ሊገባው አልቻለም። ስድብ ቢሆን መልስ ይሰጥ ነበር። የተሰጠው ግን ምክንያት ነው፤ ምክንያቱም ደግሞ ሁልጊዜ ለእርሱ ሲታሰብ የመጣ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ለስለስ ብሎ ባነጋገረው ቁጥር ጀርባውን ይቀዘቅዘው ጀመር።

ወደ አንሙት ሄደ። አንሙት አዲሱን መሬቱን እያሳረሰ ነበር፤ ሲያየው በደስታ ተቀበለው። ሁለቱም ድንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለ ቢሆነኝ። «የቱ ነው ውሸቱ? ያኔ ከእኔ በኋላ ከኮዳው የጠጣኸው ነው ወይስ አሁን ከዋንጫህ የማታጠጣኝ?»

አንሙት አንገቱን ደፋ። «እዛ ጦር ሜዳ ነበርን።»

«እና እዛ ዓይኔ አይወጋም ነበር?»

«እኔ በዚህ አላምንም ወንድሜ። አባቴ ናቸው፣ አገሩ ነው። እንዲሁ ሆኖ ነው የቆየን። ቀስ እያለ ይለወጣል፣ ታገሥ።»

«አባትህን አንድ ቀን ተናግረሃቸው ታውቃለህ?»

አንሙት የተቀመጠበትን ሣር ነቀል ነቀል ያደርግ ነበር። ቢሆነኝ ከመጣበት ይልቅ ግራ ተጋብቶ ተመለሰ። የሚጠላው ሰው ቢያገኝ ይሻለው ነበር። አንሙትን እንዳይጠላው ይወደዋል፤ እንዳይወደው ደግሞ ዋንጫው ትዝ ይለዋል።

በዚያው ክረምት ጠጂቱ ሞተች። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «እግዜር ያጥናህ» አለ። ሬሳውን ተሸክሞ ወደ መቃብር ለመሄድ ግን አራት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ከቢሆነኝ ጋር ቃሬዛውን ያነሡት ሁለት የአባቱ ዘመዶች ብቻ ናቸው። አራተኛው ጫፍ ባዶ ሆኖ ወደ ታች ያዘነብላል። ቢሆነኝ በሚያነክሰው እግሩ እየተራመደ በአንድ ትከሻው ሁለት ጫፍ ለመሸከም ሞከረ። ከቆመው ሰው መካከል አንሙት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመደ። ሰዉ ዞር ብሎ አየው። አንሙት እዚያው ቆመ። እናቲቱ እንደዚያው እያዘነበለች መቃብሯ ደረሰች።

ቢሆነኝ ከቀብር በኋላ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ጠመንጃውን ይዞ ነጋዴ ወደሚያልፍበት ጠባብ የተራራ በር ወጣ። እንደ እርሱ ከጦር ሜዳ ተመልሰው የሚገቡበት ያጡ ሁለት ሰዎች ተከትለውት ሄዱ።

መጀመሪያ የያዙት ሰው ጨው የጫነ ነጋዴ ነበር። ነጋዴው ጠመንጃውን ሲያይ ከበቅሎው ወርዶ መሬት ሳመ። «ጌታዬ፣ የፈለጉትን ይውሰዱ፣ ነፍሴን ብቻ ይተዉልኝ» አለ። ቢሆነኝን በሕይወቱ «ጌታዬ» ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ጨዉን አላየውም። ከወገቡ ቅል ፈትቶ አንድ ጉንጭ ጠጣና ለነጋዴው ዘረጋለት።

«ጠጣ» አለው።

ነጋዴው ነገሩ ባይገባውም ቅሉን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አፉን ገጥሞ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ ድረስ ጠጣ። አፉን ሳይጠርግ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ቢሆነኝ ሳቀ። ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። ነጋዴውን ከነጨዉ ለቀቀው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡ እፈልጋለሁ። ይህ ሰው ደሙን አፍስሶ፣ ጉልበቱን ሰጥቶ ያላገኘውን ነገር በአንድ የጠመንጃ አፈሙዝ አገኘው። የፈራ ሰውና ያከበረ ሰው አንገታቸውን የሚደፉት በአንድ ዓይነት ነው፤ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ልዩነቱ አይታይም። ቢሆነኝም አልታየውም።

ከዚያ በኋላ በዚያ በር የሚያልፍ ሁሉ ሕጉን ለመደ፤ ከእኔ ቅል የጠጣ ይለፍ የሚል ነበር። ሰንበትበት ሲል ግን ሁለቱ ጓደኞቹ «እኛስ ምን እንብላ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ከጠጣው ላይ ስንቁን፣ ቀጥሎ ጭነቱን፣ ቀጥሎ በቅሎውን መውሰድ ጀመሩ። አንዳንዱ መንገደኛ ቢሆነኝ ማን መሆኑን ሰምቶ ኖሮ ቅሉን ሲያይ ምክንያት ይፈጥራል። አንዱ ሆዴን ቆርጦኛል አለ፤ ሌላው የሰው ቅል ላልነካ ተስያለሁ አለ። ሁለቱም ለስለስ አድርገው ነበር የተናገሩት። ቢሆነኝ ያን ድምፅ ያውቀዋል። የመጀመሪያውን በሰደፍ ጥርሱን አወለቀው፤ ሁለተኛውን እጁን ሰበረው። ሁለቱም ከዚያ በኋላ ጠጡ።

ወሬው በአገሩ ተዳረሰ። ባላምባራስ እሸቴ በድግሳቸው ቅሉ የተሰበረበት ቀን ትዝ ሳይላቸው፣ «ድሮም ዓይኑ ደግ አልነበረም» አሉ። ሰዉም «አላልንም?» ተባባለ። ቢሆነኝ ይህን ሲሰማ ጠዋት ይናደዳል፣ ከሰዓት በኋላ እውነታቸውን ይሆን እያለ ያስባል። አንድ ቀን ለጓደኞቹ፣ «እኔ የተበደልኩ ነኝ ወይስ በዳይ ነኝ?» አላቸው። እነርሱ ሥጋ እየጠበሱ ስለነበር አልመለሱለትም።

አንድ ማለዳ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት በበሩ መጡ። ከሩቅ አገር፣ ተራሮቹን ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ ባልየው አያ ሙጬ፣ ሚስቱ እማማ ዘርፌ ይባላሉ። ሁለቱም ያጠቡት ነጭ ልብስ ለብሰዋል። በአርባ ዓመት ትዳራቸው መጨረሻ አብረው ሊቆርቡ፣ ከተራራው ባሻገር ወዳለው ገዳም እየሄዱ ነበር። በዚያ አገር ባልና ሚስት ሲሸመግሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ሞት እንጂ ሌላ አይለያቸውም። የሚቆርብ ሰው ደግሞ ካለፈው ምሽት ጀምሮ ውኃ እንኳ በአፉ አይዞርም፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ቢሆነኝ መንገዱ መካከል ቆመ። እንደ ልማዱ ከቅሉ ጠጣና ለሽማግሌው ዘረጋ።

አያ ሙጬ ጠመንጃውን አዩ፣ ቅሉንም አዩ። ብዙ የፈሩ አይመስሉም። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉ ለስለስ ብለው። «እቆርባለሁ። ዛሬ አልቀምስም። ስመለስ ግን ከዚሁ ቅል እጠጣልሃለሁ።»

ያ ድምፅ ነበር። ለስላሳው ድምፅ፣ «ልጄ» የሚለው፣ ምክንያት ያለው። ቢሆነኝ ጆሮው ጮኸበት።

«ማን መሆኔን ነግረውህ ነው» አለ።

«አላውቅህም ልጄ። እኛ ለአገሩ እንግዳ ነን።»

«ሁሉም ምክንያት አለው። ጠጣ።»

«ብችል ምን ነበረበት? ደርሻለሁ እኮ፤ ገዳሙ ያውልህ ይታያል።»

«ጠጣ ብዬሃለሁ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚስታቸው ከኋላ «ልጄ፣ እውነቱን ነው» አለች። ቢሆነኝ ቃታውን ሳበው። አያ ሙጬ ነጩ ልብሳቸው ላይ ወደቁ።

ከጓደኞቹ አንዱ ስንቅ ፍለጋ የሽማግሌዎቹን ጥቅል ፈታ። ስንቅ የለም። የውኃ ዕቃም የለም። ያለው ሁለት ጧፍና ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ አንድ እፍኝ መገበሪያ ብቻ ነው። ሰውየው እጁን ከጥቅሉ ላይ አንሥቶ አማተበና፣ «እውነታቸውን ነበር፤ ሊቆርቡ ነው» አለ። ቀጥሎ ሁለቱም ጓደኞቹ ጫካውን ይዘው ሸሹ፤ ሽፍታ ቢሆኑም የማይደፍሩት ነገር ነበራቸው።

ቢሆነኝ አልሸሸም። እውነት የሚናገር ሰው ፊቱ ቆሞ ሳለ እውነቱን መስማት አቅቶት እንደነበር ቀስ እያለ ገባው። በለስላሳ ድምፅ ብዙ ጊዜ ስለተሸነገለ፣ ለስላሳ እውነት ሲመጣ ከሽንገላው መለየት ተስኖት ነበር። እማማ ዘርፌ የባሏን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ መንገዱ መካከል ተቀምጣለች። ቢሆነኝም ጠመንጃውን መሬት ጥሎ ከፊቷ ተቀመጠ። ያለፉት መንገደኞች እዚያው ሁለቱን እንደተቀመጡ አገኟቸውና ለአገረ ገዢው ነገሩ።

ፍርዱ የታየው በገበያው ሜዳ ላይ ነው። ከከተማ የመጣው ዳኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አገሬው በሙሉ ተሰበሰበ። ዳኛው፣ «ገድለሃል?» ብሎ ጠየቀ።

«ገድያለሁ» አለ ቢሆነኝ።

«ለምን?»

ቢሆነኝ ሁሉንም ተናገረ። ስለ ኮዳው፣ ስለ ዋንጫው፣ ስለ ተሰበረው ቅል፣ ስለ መሬቱ፣ እናቱ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ስለተቀበረችበት ቃሬዛ ተናገረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሲናገር ብዙ ሰው አለቀሰ። ባላምባራስ እሸቴ ዓይናቸውን ወደ ሌላ ቦታ አዞሩ። ከሕዝቡ መካከል አንዱ፣ «በቃ፣ ይህ ሰው ተበድሏል፣ ይማር» አለ፤ ሌላው ደግሞ፣ «ዘሩ ነው፣ ይሰቀል» አለ። ሜዳው ለሁለት ተከፍሎ መጯጯህ ጀመረ። ዳኛው ራሱ ግራ ገብቶት ጢሙን ያሻሽ ነበር።

በመጨረሻ ዳኛው ሕዝቡን ዝም አሰኝቶ እማማ ዘርፌን፣ «እርስዎስ የሚሉት አለ?» አላት።

እማማ ዘርፌ በዘንጓ ተደግፋ ተነሣች። ወደ ቢሆነኝ ቀርባ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየች።

«የተናገርከውን በሙሉ ሰማሁ» አለችው። «አዘንኩልህ። እናትህ እንደዚያ ስትቀበር እኔ ብኖር ኖሮ ያችን አራተኛዋን ጫፍ ባሌን አሸክመው ነበር፤ እምቢ የሚለኝ ሰው አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ ብሎ ነው። ብዙ ሰው ጠራህ። ያስወጣህን ሰው፣ ቅልህን የሰበረውን ሰው፣ መሬት የከለከለህን ሰው፣ ቆሞ ያየህን ሰው ሁሉ ጠራህ። ከእነዚህ መካከል የኔ ባል የቱ ነው?»

ቢሆነኝ አፉን ከፈተ። የተናገረውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ በልቡ መልሶ ፈለገ። ከዳሱ ውስጥ አጣቸው፣ ከገመዱ ዘንድ አጣቸው፣ ከመቃብሩ ዘንድ አጣቸው። ሽማግሌው የትም አልነበሩም።

«የለም» አለ በመጨረሻ። «የለም እማማ።»

«ታዲያ ለምን እሱን?»

ከዚያ ቀን በፊት የገባው ግራ መጋባት ሁሉ ሰዎች ያመጡበት ነበር፤ ይህኛው ግን የራሱ ነው፤ የሚያሸክመው ሰው አልነበረም። ተንበርክኮ ግንባሩን አቧራው ላይ አደረገ።

ይህን ጊዜ አንሙት ከሕዝቡ መካከል ወጣ። «ጌታዬ ዳኛው» አለ፣ «እኔም ልከሰስ። ይህ ሰው በጀርባው ተሸክሞ አውጥቶኛል። ዳሱ ውስጥ ከአጠገቤ ሲያስነሡት አይቼ ዝም አልኩ። የዚያን ቀን ብነሣ ዛሬ እሱም ሟቹም በቤታቸው ነበሩ።»

ዳኛው ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። ከዚያም ቢሆነኝን በእስር ቤት ዕድሜውን እንዲጨርስ ፈረደበት። «የተበደልከው በደል እውነት ነው» አለው፤ «የገደልከው ሰው ግን ከዚያ የበለጠ እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አይሰርዝልህም።» ቀጥሎ ወደ አንሙትና ወደ አገሬው ዞረ። «አንተን የምከስበት ሕግ የለኝም። እርስዎንም ባላምባራስ፣ ቅል አሰበሩ ብዬ የማስርበት አንቀጽ አላገኘሁም። ሕግ የሚደርሰው የተኮሰውን ብቻ ነው። እንግዲህ የቀረውን እናንተው ተያዩበት።» ይህን ብሎ ወንበሩን አስነሥቶ ሄደ። ሕዝቡ ግን ለመበተን ፈራ፤ ማን ከማን ጋር ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ብዙ ጊዜ ቆመ።

ወዳጆቼ፣ ይህን ታሪክ የነገረኝ ሰው ለቢሆነኝ እንዳዝንለት ወይም እንድረግመው አልነገረኝም። እኔም ስንት ጊዜ አስቤበት ሁለቱንም አድርጌያለሁ። አንድ ነገር ግን ግልጽ ሆኖልኛል። ንቀት በጨዋ አነጋገር ሲጠቀለል ከስድብ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም የተናቀውን ሰው ደግ ቃል ማመን ያስተወዋል፤ ደግ ቃል ማመን የተወ ሰው ደግሞ የሚገድለው ጠላቱን ሳይሆን ደጉን ነው። የተበደለም ሰው ይህን ይስማ፤ በደሉ ምን ያህል እውነት ቢሆን፣ በመንገዱ ላይ የሚመጣው መንገደኛ ዕዳው የለበትም። ለሞት እኩል የጠራነውን ሰው ለመጠጥ እኩል ካልጠራነው ደግሞ፣ በኋላ «ድሮም እንዲህ ነበር» የምንልበት አፍ ሊኖረን አይገባም።

በዚያ ዳስ ውስጥ ብንኖር ኖሮ አብዛኞቻችን አሳላፊውን አንሆንም፤ ባላምባራስንም አንሆንም። የምንሆነው አንሙትን ነው፤ የሚወድ፣ የሚያዝን፣ አንድ እርምጃ ራምዶ የሚቆም። አሁን በምትቀመጡበት ገበታ አጠገብ፣ በለስላሳ ቃል ወደ ውጭ እየተሸኘ ያለው ማን ነው? ሲነሣስ እያያችሁት ነው?